ፑሊ ማውለቅ፤ በጥገና መመሪያ ግሦች ላይ የቀረበ ሂስ

በ1964 ዓ.ም. የአማርኛ ቋንቋ ብሔራዊ አካዳሚ ከተቋቋመ ወዲህ የሙያ ቃላትን በአማርኛ ለመሰየም ብዙ ተደክሟል። ይሁን እንጂ ድካሙ ባመዛኙ ያረፈው በስሞች ላይ ነው፤ ግሦች ተዘንግተዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለዚህ አንድ ተራ ምሳሌ እናንሣ፤ ከሞተር ዘንግ ላይ አልወልቅ ያለ ፑሊ።

ስሙ አያከራክርም። ጋራዡ ካቻቢቴን፣ ኩሽኔታንና ካንዴላን ከጣሊያንኛ እንደ ተቀበለ ሁሉ፣ ፑሌጃን ከዚያው፣ ፑሊን ደግሞ ከእንግሊዝኛ ወስዶ ይግባባበታል። ተርጓሚ ከሁለቱ አንዱን ቢመርጥ አንባቢ አይሳሳትም። ሦስተኛ ቃል ልፍጠር የሚል ቢኖር ጊዜውን ለሌላ ጉዳይ ቢያውለው ይሻላል።

ችግሩ የሚመጣው ፑሊው ምን እንደ ሆነና ሰውየው ምን ማድረግ እንዳለበት ሲነገር ነው። በእንጅባራ ወይም በዳንግላ በግቢው ውስጥ መኪናውን የሚጠግን ሰው እንውሰድ። የእንጅባራ ደጋ ዝናብ የማያጣው ነውና ብረት ከብረት ጋር ዝጎ መያያዙ እንግዳ ነገር አይደለም። መመሪያው «የተጣበቀውን ፑሊ ሳብ» ቢለው በሁለቱም ግሥ ያስተዋል። ተጣበቀ የሚባለው ሙጫ ወይም ሙጫ መሰል ነገር ያገናኘው ነው። ይህንኛውን «ዝገት ይዞታል» ማለት ይበቃል፤ አነጋገሩ መላውንም ይጠቁማልና፣ አንባቢው መዶሻ ከማንሣቱ በፊት ዘይት ቀብቶ መታገሥን ያስባል።

ጠበቀ ደግሞ ሌላ ነው፤ የሚጠብቀው ብሎን ነው። እዚህ ላይ ፊደላችን አይረዳንም፤ «ይጠብቃል» የሚለው ቃል «ብ» ላልቶ ሲነበብ ስለ ብሎኑ፣ ጠብቆ ሲነበብ ስለ ዘበኛው ይናገራል። (የሰዋስው ሊቃውንት ለድምፅ የመረጧቸው ማጥበቅና ማላላት ራሳቸው የመካኒክ ግሦች መሆናቸው ያስገርማል።)

ከሁሉ የከፋው ሳበ ነው። በመሣሪያው የሚሠራ ሰው ምንም አይስብም። ክንዶቹን ከፑሊው እምብርት ጋር ያያይዛል ወይም ብሎኖቹን በተዘጋጁላቸው ቀዳዳዎች ያስገባል፤ ከዚያም የመካከሉን ብሎን ያጠብቃል፤ ብሎኑ የዘንጉን አፍ ሲገፋ ፑሊው ቀጥ ብሎ ይወጣል። ሳብ የተባለ ሰው ግን ጠርዙን ይዞ ይጎትታል፣ በብረትም ይፈለቅቃል። ብዙ ፑሊዎች በእምብርታቸውና በጠርዛቸው መካከል ንዝረት የሚያበርድ ጎማ አላቸው፤ ጠርዙ ሲጎተት ይህ ጎማ ይቀደዳል። ጉዳቱ ያን ዕለት ላይታይ ይችላል። ውሎ አድሮ ጠርዙ ከቦታው ይንሸራተታል፣ ቺንጋው ይወጣል፤ ቺንጋው የሚያዞራቸው ዲናሞና የውሃ ፓምፕ ከቆሙም ሞተሩ ይግላል። ለመሣሪያው መሳቢያ የሚል ስም መስጠትም አይሆንም፤ መሳቢያ የጠረጴዛ ነውና።

ነቀለም አይስማማም፤ የሚነቀለው እንደ ጥርስና እንደ ምስማር የተተከለ ነገር ነው። ለዚህ ሥራ የሚሆን ግሥ በእጃችን አለ። ቀለበት ከጣት፣ ጫማ ከእግር ይወልቃል፤ ፑሊም ከዘንግ ይወልቃል። ስለዚህ መሣሪያው ማውለቂያ ይባል።

በአዊ ዞን ጉዳዩ ከአማርኛ ያልፋል። አውንጊ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጥበት ቋንቋ ነው፤ የቋንቋው ግሥ ሥርዓትም ሮበርት ሄትዝሮን በ1969 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው ተጠንቷል። የሙያ መጽሐፍ ከአማርኛ ወደ አውንጊ ሲመለስ አማርኛው «ሳብ» ካለ ስሕተቱ አብሮ ይሻገራል፤ የአውንጊው ተርጓሚ ያገኘውን ግሥ በታማኝነት ከመተርጎም በቀር ምን ያደርጋል?

እንግዲህ የሙያ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ፑሊን ሲመዘግቡ ግሦቹን አብረው ያስገቡ፦ ፑሊ፣ ከዘንግ ይወልቃል፤ ብሎኑ አስቀድሞ ይፈታል፤ ዝገት ከያዘው ዘይት ይቀባል፤ ማውለቂያው የሚይዘው እምብርቱን እንጂ ጠርዙን አይደለም።