ዘይቱ ነው ወይስ ጊዜው? የ«በፊት» እና የ«በኋላ» ቪዲዮዎች ሲገመገሙ

ይቺን ቪዲዮ ስልካችሁ ላይ ሳታዩዋት አልቀራችሁም። መጀመሪያ ፀጉሯ የሳሳ ሴት ትታያለች፤ ቀጥሎ የሽንኩርት ጭማቂ፣ የጉሎ ዘይትና የጥብስ ቅጠል ይቀላቀላሉ። መጨረሻ ላይ «ከሁለት ሳምንት በኋላ» ተብሎ ትከሻ ላይ የተዘረጋ ፀጉር ይመጣል። እኔ የቆዳ ሐኪም አይደለሁም፤ የድኅረ ምረቃ የምህንድስና ተማሪ ነኝ። ግን ቪዲዮው የሚነግረን የልኬት ውጤት ነው፤ ልኬት ደግሞ የኔም ሥራ ነው። እስቲ እንደ አንድ የላብራቶሪ ሪፖርት እንየው።

ከቁጥሩ እንጀምር። የራስ ፀጉር በአማካይ በወር 1 ሴንቲሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። በሁለት ሳምንት ግማሽ ሴንቲሜትር ማለት ነው። ከዚያ በላይ ያያችሁት ለውጥ ከማበጠሪያው፣ ከመብራቱ ወይም ከካሜራው አቅጣጫ የመጣ ነው። እርጥብ ፀጉር ሁሌም የሳሳ ይመስላል፤ ደርቆ ሲበጠር ይሞላል።

ሁለተኛው ጉድለት ማነጻጸሪያ አለመኖሩ ነው። ከወሊድ፣ ከከባድ ትኩሳት ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ፀጉር በብዛት ሊረግፍ ይችላል። ሐኪሞች ቴሎጅን ኢፍሉቪየም ይሉታል። አብዛኛውን ጊዜ በ6 ወር ውስጥ በራሱ ይቆማል። ችግሩ ምን መሰላችሁ? የወለደች እህታችሁ ዘይቱን የምትገዛው መርገፉ ሲብስባት ነው፤ ያኔ ደግሞ ሊቆም ተቃርቧል። ጊዜ ለሠራው ሥራ ዘይቱ ይመሰገናል።

ፍርዴ ሚዛናዊ እንዲሆን አንድ ነገር ልጨምር። ቅባት ደረቅ ፀጉርን ያለሰልሳል፣ መሰባበሩንም ይቀንሳል። እናቶቻችን ቅቤ ሲቀቡን በከንቱ አልነበረም። ግን ፀጉርን ከመሰበር መጠበቅና ከሥሩ ማብቀል ለየቅል ናቸው።

ከሁሉ የከፋው ጥፋት ግን ቪዲዮው ሳይናገር የሚያልፈው ነው፦ መጠበቅ የሌለበት ማን ነው? ዘመድ ቤት አንድ ሕፃን ቆረቆር ይዞት ለወራት ነጭ ሽንኩርት ሲታሽለት አይቻለሁ። የቆረቆር ፈንገስ ፀጉሩ ውስጥ ስለሚገባ በቅባት ብቻ አይድንም፤ ሐኪም የሚያዘው በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ጠብቆ የሚሠራ ሹሩባም እንዲሁ ነው። ግንባርና ጆሮ አካባቢ መሳሳት ሲጀምር ቶሎ ብታላሉት ፀጉሩ ሊመለስ ይችላል። ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ ጠባሳ ይሆናል፤ ያኔ የትኛውም ዘይት አያበቅለውም።

ስለዚህ በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ቢረግፍ አትደንግጡ፤ ጤናማ ነው። ነገር ግን ፀጉራችሁ እንደ ሳንቲም ክብ ክብ እያለ ከተመለጠ፣ የራስ ቆዳችሁ ካመማችሁ፣ ከቀላ ወይም መግል ከያዘ፣ የተመለጠው ቦታ ካብለጨለጨ፣ መርገፉ ከ6 ወር ካለፈ ወይም የልጃችሁ ራስ ከተቀረፈ ወደ ቆዳ ሐኪም ሂዱ። ድካም ከተጨመረበት የደም ምርመራ ጠይቁ፤ የብረት ማነስም የታይሮይድ ችግርም ፀጉር ያረግፋሉ።

እስከዚያው የራሳችሁን «በፊት» እና «በኋላ» በሥርዓቱ አንሱ። ፀጉሩ በደረቀበት፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ መብራት፣ በየወሩ አንድ ፎቶ ይበቃል። ለሐኪሙ ስታሳዩት ከየትኛውም ቪዲዮ የበለጠ ይጠቅመዋል።