የጋሻው ጀርባ

አያቴ አንድን ዕቃ ከማድነቃቸው በፊት ይገለብጡታል። መሶብ ቢሰጧቸው ታቹን፣ ጥልፍ ቢያሳዩዋቸው ክሩ የተቋጠረበትን ጀርባ ያያሉ። ዕድሜ ጠግበው ሲያርፉ ድንኳን ውስጥ ከኒሻናቸው ይበልጥ የተወራው ስለዚህ ልማዳቸው ነው። እኔም እርሳቸውን ለማስታወስ በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ወደ አራት ኪሎ ይዘውት የሚወጡትን ጋሻ ባገላብጠው ይሻለኛል።

ከፊት በኩል ቀይ ከፈይ ለብሷል። በከፈዩ ላይ ቀጫጭን የብር ቅጠሎች ከመካከሉ እምብርት ተነሥተው ወደ ዳር ይፈነጠቃሉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ ፎቶግራፍ አንሺዎችም እንደዚሁ። ለእኔ ግን ትልቁ ሥራ ያለው ከከፈዩ ሥር፣ ቅርጹ ላይ ነው። ጋሻ ሠሪው ወፍራሙን የጎሽ ቆዳ ዘፍዝፎ፣ ገና እርጥብ ሳለ ወጥሮ፣ ከውስጥ በኩል እየመታ ያወጣዋል። ቆዳው ከደረቀ በኋላ ማረም የለም፤ የተሳሳተ ምት እዚያው ይቀራል። ዳሩ ወደ ውጭ የተቀለበሰ ነው፤ መሐሉ ደግሞ ሾጠጥ ይላል። ልጆች ሳለን «አክንባሎ ይመስላል» ስንላቸው ከት ብለው ይስቁ ነበር።

ዓይናችንን ጨፍነን ውስጡን በጣት እንድንዳስስ ያደርጉናል። «የሰውየው እጅ የት ላይ ደከመ?» ይላሉ። ከእምብርቱ በስተግራ አንድ ቦታ ምቶቹ ተራርቀዋል። ያን ቦታ ያገኘ የልጅ ልጅ ቆሎ ይታፈስለታል፤ ያላገኘውም አይቀርበትም። ከጀርባ የብሩ ችንካሮች ጫፍ ወጥቶ ይታያል። እያንዳንዱ በአንድ አቅጣጫ ታጥፎ ቆዳው ውስጥ ተኝቷል፤ የያዘውን ክንድ እንዳይቧጭር ታስቦ ነው። ማንም ለማያየው ነገር ይህን ያህል መጨነቅ! መጨበጫው በአራት ቀዳዳ የገባ ጠፍር ነው፤ ከመያዝ ብዛት ጠቁሮ እንደ ተወለወለ ያበራል።

የጠቆረው ግን በአባታቸው እጅ ነው። «ጋሻው ከእኔ ጋር አልዘመተም» ይሉን ነበር፣ ሳያፍሩ። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተመልሰው የገቡት በዚያው ቀን፣ በ1933። በመካከል ያለውን ጊዜ አያቴ የተዋጉት አንድ ጎራሽ በሆነ ውጅግራ ነው። አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ ይዞ ለመጣ ጠላት የጎሽ ቆዳ ምን ይፈይዳል? እናታቸው እህል ጉድጓድ ውስጥ ደብቀውት ነው የተረፈው፤ በአንድ በኩል ዳሩ ትንሽ ያበጠው እርጥበት አግኝቶት ይሆናል።

ስለ ጦርነቱ ብዙም አያወሩም። ስለ ሠሪው ግን ይቆጫሉ። ቆዳ ፋቂና ብር ቀጥቃጭ በዚያ ዘመን የተናቁ ነበሩ፤ ቡዳ ናቸው እየተባሉም ይፈሩ ነበር። ባላባቱ በሥራቸው ተመክቶ ወደ ዘመቻ ይሄዳል፣ ከእነርሱ ጋር ግን ከአንድ ገበታ አይቆርስም። አያቴ ይህን ሲያነሡ ድምፃቸው ይለወጣል። የደብተር ቦርሳችን ሲቀደድ ራሳቸው ወስፌ ይዘው የሚሰፉት፣ የውስጡ ስፌት ካላማራቸውም ፈትተው እንደገና የሚጀምሩት፣ ይመስለኛል በዚህ ምክንያት ነው። ትምህርት ቤት አርፍደን የተገረፍንበት ቀን አለ፤ ስፌቱ ግን እስከ ዛሬ አልተፈታም።

አሁን አጎቴ ከፈዩ ስለደበዘዘ በአዲስ ይለበጥ ይላሉ። አልተስማማሁም። ከፈዩን ለማንሣት ችንካሮቹ ሁሉ ቀንተው መነቀል አለባቸው፤ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ብሩም ይላላል። ያንን መልሶ የሚያጠብቅ፣ የችንካሩንም ጫፍ እንደ ቀድሞው የሚያስተኛ ባለእጅ ከተገኘ ከወጪው የድርሻዬን እከፍላለሁ። እስከዚያው አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ማራገፍ ይበቃል ብያቸዋለሁ።