ዳንቴል የለበሰው አምፕሊፋየር

አጎቴ ከሠላሳ ዓመት በላይ ከኖሩባት ጀርመን ጓዛቸውን ጠቅልለው ሲገቡ ዘመድ አዝማዱ ዓይኑን የጣለው ሻንጣዎቹ ላይ ነበር። እርሳቸው ግን ለሁለት ሰው የሚከብድ አንድ ካርቶን ላይ እጃቸውን ጭነው «አደራ፣ ይህን እንዳትጥሉብኝ» ይላሉ። ካርቶኑ ሲከፈት የወጣው ሉክስማን የሚባል የጃፓን አምፕሊፋየር ነው፤ ሞዴሉ ኤል-550ኤኤክስ ማርክ ሁለት፣ ክብደቱ ከ24 ኪሎ በላይ። እናቴ ዞር ብላ አየችውና «ታዲያ ቴፑ የታለ?» አለች።

ጥያቄዋ የዋዛ አይደለም። አምፕሊፋየር በራሱ አይዘፍንም። ከሸክላ ማጫወቻ፣ ከሲዲ ወይም ከካሴት የሚመጣለትን ደካማ ምልክት ተቀብሎ፣ አጉልቶ ለስፒከሮቹ ያቀብላል፤ አለቀ። ለዚህ ሥራ በሺህ የሚቆጠር ዩሮ መክፈል ምን የሚሉት ነገር ነው? አጎቴ ቤታቸው ተሠርቶ እስኪያልቅ ከእኛ ጋር ስለሚኖሩ፣ እኔም ከዚህ ሣጥን ጋር በአንድ ሳሎን ሁለት ክረምት አሳልፌያለሁ። የምፈርደው እንግዲህ እንደ ገዢ ሳይሆን እንደ ደባል ነው።

መጀመሪያ ያስገረመኝ የጉልበቱ ማነስ ነው። በአንድ ቻናል 20 ዋት! ስሙ እንኳ በውል ያልታወቀ ሣጥን ሁሉ «1000 ዋት» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት በሚሸጥበት ገበያ ይህ ቁጥር አያኮራም። ይሁንና በሳሎን ውስጥ፣ ወሬ ሳያቋርጡ ለሚያዳምጡት ሙዚቃ አንድ ዋት እንኳ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል። ድምጹ ለጆሯችን እጥፍ ሆኖ እንዲሰማን ደግሞ ጉልበቱ ወደ አሥር እጥፍ ማደግ አለበት፤ ስለዚህ በ20 እና በ40 ዋት መካከል ያለው ልዩነት ወረቀት ላይ የሚመስለውን ያህል አይደለም። ሉክስማን ኃይሉን ያፈሰሰው ሌላ ቦታ ነው። መሣሪያው «ክላስ ኤ» በሚባለው መንገድ ይሠራል። ብዙዎቹ አምፕሊፋየሮች የድምጹን ሞገድ የላይና የታች ግማሽ ለሁለት ትራንዚስተሮች ያካፍሉና አንዱ ሲሠራ ሌላውን ያሳርፉታል፤ በቅብብሉ ላይ ሸካራነት ሊገባ ይችላል። እዚህ ግን እረፍት የሚባል የለም፤ ዘፈን ኖረም አልኖረም ሁለቱም ኤሌክትሪክ ሲያሳልፉ ይውላሉ። ውጤቱ የለሰለሰ ድምጽና ብዙ ሙቀት ነው። በሐምሌ ዝናብ እጄን ያሞቅኩበት ቀን ጥቂት አይደለም።

የቤታችን የመጀመሪያ ጠብ የተነሣውም ከዚሁ ሙቀት ነው። እናቴ ቴሌቪዥኑንም፣ ፍሪጁንም፣ የድሮውን ቴፕም በእጇ በሠራችው ዳንቴል ስታለብስ የኖረች ናት። አንድ ቀን ከውጭ ስገባ ሉክስማኑም ለብሶ፣ መተንፈሻ ቀዳዳው ተደፍኖ፣ የሚጋግር ምጣድ መስሎ አገኘሁት። ጮህኩ። አጎቴ ግን ከወንበራቸው ተነሥተው ዳንቴሉን በቀስታ አጠፉና «እትዬ፣ ይኼ ዕቃ ሲሠራ ራቁቱን ነው የሚወደው» አሏት።

ስለ ድምጹ ልናገር። ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ ኅትመት 11ኛው ቅጽ ላይ አለሙ አጋ በገና ይደረድራሉ። በበገና አሥር አውታሮችና አውታሮቹ በሚያርፉበት እንጨት መካከል እንዚራ የሚባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ይገባል፤ ያ ንዝረት ያለበት፣ የሚያጉረመርም ድምጽ የሚመጣው ከዚያ ነው። በርካሽ መሣሪያ ሲሰማ ንዝረቱ የስፒከር መቀደድ ይመስላል፤ አንዳንዴ ተነሥቼ ሽቦ ነካክቻለሁ። በሉክስማን ግን ጉርምርምታውና ዜማው ይለያያሉ። እያንዳንዱ ምት ሲነሣ፣ ሲንቀጠቀጥ፣ ከዚያም ቀስ ብሎ ሲከስም ይሰማል። ለዚህ ገንዘብ የከፈለ ሰው ተታለለ ልል አልችልም።

ካሴት ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። የእኛ ቤት ሀብት በአብዛኛው ካሴት ነው፤ በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚጓዝ ቀጭን ክር፣ ያውም ከቅጂ የተቀዳ። እኔ ስለ ድምጽ ጥራት የተጻፈ አገላብጬ ስለነበር ባስና ትሬብል መነካካት የገጠሬ ሥራ ነው ብዬ አምን ነበር። እንግሊዞቹ ናይም እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጡትን ናይት የተባለ አምፕሊፋየር ያለ ባስና ትሬብል ቁልፍ ሠርተው አድናቆት አትርፈውበታል። ሉክስማን ቁልፎቹን አልጣላቸውም፤ ላልፈለጋቸው ደግሞ «ላይን ስትሬት» የሚል፣ ቁልፎቹን ዘልሎ የሚያልፍ መጫኛ አለው። እኔ ሁሌ እጫነዋለሁ፤ አጎቴ ሁሌ ያጠፉታል።

አንድ ምሽት ቤልጅግ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመውን የማህሙድ አህመድን «ኧረ መላ መላ» ሸክላ አስቀምጬ፣ መጫኛዋን ተጭኜ፣ «እስቲ ዛሬ እንኳ ዘፋኙ እንዳለው እንስማው» አልኳቸው። ዝም ብለው ሰሙ። ሲያልቅ «ምነው ዛሬ ማህሙድ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ ዘፈነ?» ብለው ጠየቁኝ። የሳቅሁት እኔ ብቻ ነኝ። እናቴን ለምን ሦስት ጊዜ «እ?» እንደሚሏት፣ ስልክ ለምን በግራ ጆሯቸው ብቻ እንደሚያነሡ ያን ጊዜ ገባኝ። ጆሮ ሲያረጅ አስቀድሞ የሚሄደው ቀጭኑ ድምጽ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ «ንጹሕ» እያልኩ የምሰጣቸው ሙዚቃ ለእርሳቸው ግማሹ የጎደለ ነበር።

ለነገሩ «ዘፋኙ እንዳለው» የሚባለውስ የት አለ? ሲቀዳ ባለሙያው ቁልፍ አዙሯል፣ ሸክላው ሲቀረጽ ሌላው አዙሯል፣ ካሴት ሲባዛ ሦስተኛው። አራተኛው አዙሪ አጎቴ ሲሆኑ ነውር የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ባለፈው ፋሲካ አንድ ወዳጄ ኤንኤዲ 3020 ይዞልኝ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣ፣ ለተማሪ ኪስ የተሠራ፣ ጉልበቱ እሱም 20 ዋት። አፈራርቀን ሰማን። በካሴት ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ልለያቸው አልቻልኩም። በበገናው ግን ሦስቴም ለየሁ። የዋጋው ልዩነት እንግዲህ ያቺ የመክሰሚያዋ ጊዜ ናት። በቤቱ ካሴት ብቻ ያለው ሰው ገንዘቡን ለስፒከር ቢያውል ይሻለዋል እላለሁ። ከአሜሪካ ወይም ከጃፓን ዘመድ እንዲልክለት የሚያስብ ደግሞ አስቀድሞ ከጀርባው የተጻፈውን ቮልቴጅ ያስነብብ፤ ለ120 ወይም ለ100 ቮልት የተሠራ ሣጥን በእኛ 220 ላይ ሲሰካ ጭስ እንጂ ሙዚቃ አይወጣውም። የአጎቴ የጀርመን ስለሆነ ከዚህ ድኗል።

አንድ የማልወድለት ነገር አለ፤ ፊቱ ላይ የሚወዛወዙት ሁለት መርፌዎች። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1925 ኦሳካ ውስጥ የተጀመረው የአንድ የሥዕል ፍሬም መሸጫ ሱቅ የሬዲዮ ክፍል ሆኖ ነውና፣ ለመልክ ማድላቱ ከዚያ የወረሰው ይሆናል። እንግዳ ሲመጣ የሚያየው መርፌውን ነው፤ ዘፈኑን የሚሰማ የለም።

«ላይን ስትሬት»ን ከተጫንኩ ቆየሁ። የትሬብሏ ቁልፍ አጎቴ ያቆሟት ቦታ፣ ከመካከል ወደ ቀኝ ዘንበል ብላ አለች። ማታ ሲጠፋ እናቴ እስኪቀዘቅዝ ጠብቃ ዳንቴሉን ታለብሰዋለች፤ አጎቴ ሸክላ ይዘው ብቅ ሲሉ ገፋ የምታደርገውም እሷው ናት።