ያልተጻፈው ውል በ«ፍቅር እስከ መቃብር»

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው አባባል ለዘመናት የባላባታዊው ሥርዓት ምሰሶ ሆኖ ኖሯል። በዚህ አባባል ዘንድ ግዴታ ያለበት ተገዢው ብቻ ነው፤ ገዢው የሚጠየቅበት ውል የለም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ይህን እምነት ከሥሩ የሚፈትን ልብ ወለድ ነው።

አብዛኛው አንባቢ መጽሐፉን የሚያስታውሰው በበዛብህና በሰብለ ወንጌል ፍቅር ነው። ይሁን እንጂ የሥርዓቱ ምንነት ጎልቶ የሚታየው ፊታውራሪ መሸሻ ከባላገሮቻቸው ጋር በተጋጩበት ክፍል ነው። ባላገሮቹ ጌትነትን ፈጽመው አልካዱም፤ እምቢ ያሉት ከደንቡ በላይ የተጫነባቸውን ነው። ፊታውራሪው በኃይል ሊያስገብሩ ሲዘምቱ በአበጀ በለው እጅ ወደቁ። እንግዲህ ውሉን ያፈረሰው ባላገሩ ሳይሆን ጌታው ነው። ዣን ዣክ ሩሶ በ1762 እ.ኤ.አ. ስለ ማኅበራዊ ውል በጻፈው መጽሐፍ ያነሣውን ጥያቄ፣ ሐዲስ በጎጃም ገበሬ ኑሮ ውስጥ አግኝተውታል።

መጽሐፉ ከታተመ ከሁለት ዓመት በኋላ ጥያቄው ከገጽ ወደ ሜዳ ወጣ። ባሕር ዳርና ደቡባዊው የጣና ዳርቻ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ሥር በነበሩበት በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ታወጀ። ርስተኛው ገበሬ አዋጁን የመሬት ልኬታና የርስት መነጠቅ መንደርደሪያ አድርጎ ስላየው በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት ዐመፀ። መንግሥት ጦር አዘመተ። በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዢው ከሥልጣን ተነሡ፤ አዲሱም ግብር በጎጃም ሳይጸና ቀረ።

ልብ ወለዱ ዐመፁን ተንብዮአል ማለት ግነት ይሆናል። በመጽሐፉ ባላገሩ የተጋፈጠው የአካባቢውን ጌታ ነው፤ በ1960 ገበሬው የተጋፈጠው ማዕከላዊውን መንግሥት ነው። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው፣ የገበሬው ቃል የተሰማው መሣሪያ ካነሣ በኋላ መሆኑ ነው።

የድርሰቱ ድክመትም እዚህ ላይ ይገኛል። የጉዱ ካሣ ሐሳብና የአበጀ በለው ክንድ በአንድ ትግል አልተቀናጁም፤ ድሉም ገዢን ያለ ጠመንጃ የሚጠይቅ ቋሚ ሸንጎ አላስገኘም። ሐዲስ ውሉ እንዴት እንደሚፈርስ በብቃት አሳይተዋል፤ እንዴት እንደሚጸና የማሳየቱ ሥራ ግን ለተከታዮቻቸው ደራስያን ቀርቷል። ጥያቄው ዛሬም ለጣና ዳር ከያንያን እንግዳ አይደለም፤ በመድረክም በድርሰትም መልስ ይሻል።