ሜዳ ላይ የቀረ ሜዳ

አማርኛችን ለሜዳ ደግ አይደለም። ገንዘቡን ተበልቶ ባዶ እጁን የቀረ ሰው «ሜዳ ላይ ቀረ» ይባላል። ቤቱን ጥሎ የጠፋ አባት «ልጆቹን ሜዳ ላይ በተናቸው» እንላለን። ሜዳ ትዝ የሚለን ጉልበተኛ ስንፈታተን ነው፤ «ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው!» ለማለት። ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ለተማሪዎቼ የምነግራቸው አንድ ነገር ነበር፤ ሕዝብ ለአንድ ነገር ያለውን ግምት ማወቅ ከፈለጋችሁ በዚያ ነገር ስም እንዴት እንደሚሳደብ አድምጡ። በዚህ መለኪያ ሜዳ ማለት ምንም የሌለበት ቦታ ነው። መቼም አነጋገር ብቻ ሆኖ ቢቀር ባልከፋ። ግን መሬት የምንከፋፍለውም በዚሁ አነጋገር ነው።

እስኪ ፎገራን እንመልከት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ወረታ ይደርሳል። ወረታ የመንገድ ልጅ ናት፤ የጎንደሩ መንገድ ከደብረ ታቦርና ከወልድያው የሚለያየው እዚያ ነው። ወደ ጣና የተዘረጋው ሰፊ ሜዳ ፎገራ ነው። ርብና ጉማራ ክረምት ሲመጣ እየሞሉ ይተኙበታል። ረግረጉን የለመደው፣ በወተቱ የተመሰገነው የፎገራ ከብት ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሜዳ ነው። ግጦሹ የወል ነበር፤ አሥር ከብት ያለውም አንዲት ላም ያለችውም እኩል ይነዱበታል።

በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ሩዝ ገባ። ጅግናና ሻጋ በተባሉ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተጀመረ፤ ገበሬው በሰፊው የዘራው ዝርያም «ኤክስ ጅግና» ይባላል። ውሃ ስለሚተኛበት በክረምት ሰብል የማይታሰብበት መሬት እህል ሰጠ። ሩዙ ከጤፍ እየተቀላቀለ እንጀራ ሆነ። ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚያው ወረታ ተቋቋመ። ይሄን በረከት የሚያናንቅ ሰው ረኀብን አያውቅም።

ነገር ግን ሩዙ የሰፈረው ባዶ መሬት ላይ አይደለም፤ የወሉን ግጦሽ እየገፋ ነው። በተረፈችው ሣር ላይ ከብቱ ተፋፈገ፤ ከብት የማይደፍረው እሾሃም አሜኬላም ተስፋፋ። የፎገራ ዘር እየተመናመነ ሄዶ ዛሬ እንደ አንዳሳ ባሉ የምርምር ማዕከላት እንዲጠበቅ ይደከምለታል። «ገለባው መኖ ይሆናል» የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። ታዲያ ገለባው የማን ነው? የባለሩዙ ነዋ! ሩዝ የሌላት ባልቴት ድሮ ላሟን ወደ ሜዳ ትነዳ ነበር፤ አሁን ገለባ መግዛት አለባት።

«ይሄ የገጠር ነገር ነው» የሚል የአዲስ አበባ አንባቢ ካለ፣ ከስድስት ኪሎ በእግር ወደሚደረስበት ጃንሜዳ ጎራ ይበል። ከሰገሌ ጦርነት በኋላ በ1909 ዓ.ም. የድል ሰልፍ የታየበት፣ አገር አቋራጭ ሩጫ በስሙ የሚጠራበት፣ ታቦታት ለጥምቀት የሚያድሩበት ሜዳ ነው። የጥምቀት በዓል በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዘገበ። ዓመቱ ሳይወጣ ኮሮና መጣና የፒያሳው አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። ምክንያቱ ደግ ነበር፤ ሰው እንዳይጨናነቅ ነው። ክረምቱ ግን ሣሩን በጭቃና በአትክልት ብስባሽ ለወሰው፤ ገበያው ተነሥቶ ሜዳው ለ2013 ዓ.ም. ጥምቀት እስኪጠረግ ብዙ ተደከመ።

ልብ በሉ፤ ጃንሜዳ የተመለሰው ጠያቂ ስላለው ነው። ጥር 10 ቀን በየዓመቱ ይመጣል፤ ሕዝቡም «ሜዳችን የት ደረሰ?» ይላል። ለፎገራ ግጦሽ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ማነው?

በአሜሪካ የቦስተን ከተማ መሀል ያለው ዝነኛ ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1634 የተያዘው ለነዋሪዎቹ ከብት ግጦሽ ጭምር ነበር። ላሞቹ እ.ኤ.አ. በ1830 ተከለከሉ፤ ሜዳው ግን እስከ ዛሬ የሕዝብ ነው። እዚያ ላሟ ሄዳ ሜዳው ቀረ፤ እኛ ጋ ሜዳው እየሄደ ላሟ ቀረች።

ወጣቱን «አትረስ» ማለት ደግሞ ግፍ ነው። በአማራ ክልል ሰፊው የመሬት ሽግሽግ የተካሄደው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያኔ ልጅ የነበረው ዛሬ የልጆች አባት ሆኗል። «ላም ከምትግጠው እኔ ልብላበት» ቢል አልፈርድበትም። የምፈርደው በሒሳባችን ላይ ነው። የሩዙን ኩንታል እንቆጥራለን፤ ወተቱን፣ ኩበቱን፣ የባልቴቷን ላም ግን ከቁጥር አናገባም። ያልተቆጠረው «ባዶ» ይባላል፤ ባዶ የተባለውም ለመጀመሪያው ጠያቂ ይሰጣል።

መፍትሔው ሩዙን መንቀል አይደለም። የመሬት አዋጆቻችን «የወል ይዞታ» የሚለውን ስም ያውቁታል፤ እንግዲያው የተረፈው ሜዳ ወሰኑ ይለካለት፤ ማን፣ ስንት ከብት፣ መቼ እንደሚያስገባ ሽማግሌውም፣ ሴቶቹም፣ መሬት የሌለው ወጣትም ተቀምጠው ይወስኑ። ከአሜኬላ ነቀላው ለወጣቱ ሥራ፣ ከሚታጨደው ሣር ገቢ ይውጣለት። ወረታም ስትሰፋ ፕላኗ ላይ ልጆች የሚሮጡበት፣ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ቦታ ይኑራት። ካርታው ላይም «ለወደፊት ልማት የተያዘ» አይባል። «ሜዳ» ተብሎ ይጻፍ።