ማረሚያው የተደበቀ ፈተና፦ የብሪታንያ የአካል ጉዳት ድጎማ ቅጽ ሲገመገም

ስለ ብሪታንያ የድጎማ ቢሮክራሲ ፊልም ተሠርቷል። የኬን ሎች «አይ፣ ዳንኤል ብሌክ» በ2016 በካን ታላቁን ሽልማት ወስዷል (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ቅጹን ራሱን ግን እንደ አንድ ድርሰት ቁጭ ብሎ የገመገመ ሰው አላጋጠመኝም። ሊገመገም ይገባዋል። ለንደን ወይም ሊድስ ውስጥ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ ለምታሳድግ እናት፣ ከዚህ ጽሑፍ የበለጠ ኑሮዋን የሚወስን ንባብ የለም። ደራሲው ስሙን አልጻፈም። አሳታሚው የሥራና የጡረታ ሚኒስቴር ነው። መጠሪያው «ፒፕ 2»፣ ርዕሱም ሲመለስ «የአካል ጉዳትዎ ኑሮዎን እንዴት እንደሚነካ» እንደማለት ነው።

ዳራውን ባጭሩ። ፒፕ የተባለው ድጎማ በ2012 በወጣ የማሻሻያ ሕግ ተደንግጎ በሚያዝያ 2013 መሰጠት ጀመረ። ልጆች እስከ 16 ዓመታቸው የሚያገኙት ዲ ኤል ኤ የሚባለውን ሌላ ድጎማ ነው። አሥራ ስድስተኛው ልደት ሲቃረብ ለወላጅ ደብዳቤ ይመጣል። ከዚያ ልደት በኋላ በሕግ ዓይን አመልካቹ ልጁ ራሱ ነው። ጉዳዩን ራሱ መከታተል የማይችል ከሆነ ወላጁ «አፖይንቲ» ሆኖ ይሾምለታል። በልጁ ፋንታ ይፈርማል፣ ገንዘቡን ይቀበላል፣ የተለወጠ ነገር ሲኖርም ማሳወቅ ያለበት እሱ ነው። ቅጹን ሞልቶ ለመመለስ የሚሰጠው ጊዜ አንድ ወር ነው። የወላጅ ገቢ አይቆጠርም፤ ልጁ ተማሪ መሆኑም አያስከለክለውም። ይህን የማያውቅ ብዙ ነው። «እኔ እየሠራሁ ማን ይሰጠኛል?» ብለው ሳይጠይቁ የቀሩ ወላጆች በየሰፈሩ አሉ። (እዚህ የማወራው ስለ እንግሊዝና ዌልስ ነው፤ ስኮትላንድ ፒፕን በራሷ ድጎማ ተክታለች።)

የድርሰቱ አወቃቀር ቀላል ነው። አሥራ ሁለት ተግባራት አሉ። አሥሩ ስለ ዕለት ኑሮ ናቸው፦ ምግብ ማዘጋጀት፣ መመገብ፣ ሕክምናን መከታተል፣ ገላን መታጠብ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ መልበስ፣ መነጋገር፣ ማንበብ፣ ከሰው ጋር መግባባት፣ ስለ ገንዘብ መወሰን። ሁለቱ ደግሞ ስለ ጉዞና ስለ መራመድ ናቸው። እያንዳንዱ ተግባር ነጥብ አለው። ነጥቡ 8 ሲሞላ መደበኛው ክፍያ፣ 12 ሲሞላ ከፍተኛው ይፈቀዳል። በ2025/26 ለዕለት ኑሮ በሳምንት 73.90 ወይም 110.40 ፓውንድ፣ ለእንቅስቃሴ 29.20 ወይም 77.05 ፓውንድ ነበር። ነጥቦቹ በሙሉ በ2013ቱ ደንብ አንድ በአንድ ተዘርዝረዋል። ቅጹ ላይ ግን የሉም። ተፈታኟ ጥያቄውን ታያለች፤ ማረሚያው የተቀመጠው ሌላ ቦታ ነው።

የዚህን ጉድለት ስፋት ለማየት ሦስተኛውን ጥያቄ፣ የምግብ ዝግጅቱን፣ ማየት ይበቃል። አንዲት እናት ቅጹን ይዛ ወደ እኔ ስትመጣ እዚያ ቦታ ላይ በእርሳስ የጻፈችው አንድ መስመር ነበር፦ ልጄ እንቁላል ራሱ ይጠብሳል።

«ምድጃውን ማን ይለኩስለታል?»

«እኔ ነኛ!»

«ማጥፋቱንስ?»

«እሱማ ‹አጥፋ› እለዋለሁ።»

«አንድ ቀን እርስዎ ሱቅ ቢሄዱስ?»

«ኧረ በስመ አብ! ብቻውን ትቼው? ቤቱን ያቃጥለዋል እኮ! በር ከተንኳኳ ዘይቱን እሳት ላይ ትቶ ነው የሚሮጠው።»

እናትየው አልዋሸችም፤ ልጁ እንቁላል ይጠብሳል። የጻፈችው መስመር ግን በደንቡ መሠረት ዜሮ ነጥብ ነው። አፏ የተናገረው ደግሞ አራት ነጥብ ነው፤ ለደኅንነቱ ሲባል ሰው አብሮት ካልቆመ ምግብ ማብሰል የማይችል ሰው፣ ደንቡ የሚሰጠው አራት ነው። በዜሮና በአራት መካከል ያለው ልዩነት የልጁ ጉዳት አይደለም፤ አንድ ሰው ተከታታይ ጥያቄ መጠየቁ ነው። ጎበዝ ቅጽ ይህን ጥያቄ ራሱ ይጠይቅ ነበር።

የሚያናድደው፣ ሕጉ ከቅጹ የተሻለ ጸሐፊ መሆኑ ነው። የደንቡ አራተኛ አንቀጽ አንድ ሰው አንድን ነገር «ይችላል» የሚባለው መቼ እንደሆነ በአራት መለኪያ ይወስናል፦ ያለ አደጋ፣ ተቀባይነት ባለው ደረጃ፣ በሚያስፈልገው መጠን ደጋግሞ፣ ሌላ ሰው ከሚወስድበት ጊዜ እጥፍ ባልበለጠ ጊዜ። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ አልቻለም ማለት ነው። ሰባተኛው አንቀጽ ደግሞ ችግሩ ከቀናቱ ከግማሽ በላይ በሆኑት መታየቱን ይጠይቃል። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበትን ወጣት ኑሮ ከዚህ በተሻለ የሚገልጽ የሕግ ቋንቋ አላውቅም። ልብሱን ይለብሳል፤ ግን በጥር ብርድ ቲሸርት ብቻ። ገላውን ይታጠባል፤ ግን ካልተነገረው ሳሙናውን አይነካም። ቅጹ ይህን ሐሳብ ጠቀስ አድርጎት ያልፋል እንጂ ሁሉ ነገር በእሱ ላይ እንደቆመ አይናገርም።

ሌላው ደካማ ጎን የተራኪው ጉዳይ ነው። ጽሑፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያነጋግረው ወጣቱን ነው፤ እርስዎ ምግብ ሲሠሩ፣ እርስዎ ሲለብሱ እያለ። ያ ወጣት ግን ብዙ ጊዜ ገጹን ማንበብ አይችልም። ብዕሩን የያዘችው እናቱ ናት፤ እሷም በሁለተኛ ቋንቋዋ፣ አንዳንዴም በሦስተኛዋ። ስለ ሌላ ሰው ገላና መጸዳጃ በዝርዝር እንድትጽፍ ትጠየቃለች። በእኛ ዘንድ ገበና ማለት ይህ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ጎረቤቱም ዘመዱም እንዳይንቀው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉን ራሱ ያደርጋል» ስትል የኖረች ሴት፣ በአንድ ወር ውስጥ ተቃራኒውን፣ ያውም በክፉው ቀን የሚሆነውን፣ ለማታውቀው መሥሪያ ቤት ትጽፋለች። አንዳንዷ ይህን ስታደርግ ልጇን የካደች ይመስላታል። ይህን የሚያለዝብ አንዲት ዐረፍተ ነገር ቅጹ ውስጥ የለችም። መሥሪያ ቤት ርኅራኄ ይጻፍ አልልም፤ ግን «የሚችለውን ሳይሆን ያለ እርስዎ እርዳታ የሚሆነውን ይንገሩን» ማለት ምን ያህል ቀለም ይጨርሳል?

ከትምህርት ቤቱ ወረቀት ጋር ሲጋጭ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። በእንግሊዝ ልዩ ፍላጎት ያለው ተማሪ እስከ 25 ዓመቱ ሊቀጥል የሚችል፣ በየዓመቱ የሚከለስ የትምህርት፣ የጤናና የእንክብካቤ ዕቅድ ሊኖረው ይችላል። በዚያ ዕቅድ ላይ መምህራን የሚጽፉት እድገቱን ነው፦ «ራሱን ችሎ መልበስ ጀምሯል፤ ግቡ ተሳክቷል»። ለመምህሩ ይህ የደስታ ዜና ነው። ያው ወረቀት ከፒፕ ቅጽ ጋር ተያይዞ ሲላክ ግን ገምጋሚው የሚያየው «መልበስ ይችላል» የሚለውን ነው። አስተማሪው ከኋላ ቆሞ «አሁን ካልሲ» ማለቱ አልተጻፈማ። ስለዚህ ዕቅዱን ከመላክ በፊት ምን ዓይነት ድጋፍ ተሰጥቶት እንደተሳካለት የሚገልጽ ደብዳቤ ከትምህርት ቤቱ መጠየቅ ያዋጣል።

በጎ ጎኑም ይነገር። ቅጹ አካልን ብቻ የሚቆጥር አይደለም። አሥራ ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ገንዘብ ነው፤ ነጥቡም አስተዋይነት አለው። የቤት ወጪ ማቀድና ቢል መክፈል የሚያቅተው ሁለት ነጥብ፣ የዕቃ ዋጋና መልስ ማስላት ላይ እርዳታ የሚያስፈልገው አራት፣ ምንም መወሰን የማይችል ስድስት ያገኛል። ለዳቦ ሃያ ፓውንድ ሰጥቶ መልሱን ሳይቀበል የሚወጣ ልጅ እዚህ ቦታ አለው። አሥራ ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። የለመደውን መንገድ እንኳ ያለ ሰው መከተል የማይችል አሥራ ሁለት፣ ያልለመደውን የማይችል አሥር ነጥብ አለው። እግሩ ደኅና ሆኖ አውቶቡሱ መንገድ ሲቀይር የሚጠፋ ወጣት ከዊልቸር ተጠቃሚው እኩል «መንቀሳቀስ ይቸገራል» ተብሎ መታሰቡ ትልቅ ነገር ነው።

የጠቅላላው ሚዛን ግን አብሮ መቆምን ያረክሳል። አሥሩን የዕለት ኑሮ ተግባራት ብናይ፣ «ሰው ካላስታወሰው አይሠራም» የሚለው ብዙውን ጊዜ የሚያስገኘው ሁለት ነጥብ ብቻ ነው። ምግብ ላይ ሁለት፣ መታጠብ ላይ ሁለት፣ መልበስ ላይ ሁለት፣ ውስብስብ ጽሑፍ ማንበብ ላይ ሁለት፣ ከሰው መግባባት ላይ ሁለት፤ ድምሩ አሥር። መደበኛው ክፍያ ይገኛል፤ ከጧት እስከ ማታ ከጎኑ ያልተለየችው እናት ግን ከፍተኛውን አታይም። በመጋቢት 2025 የሌበር መንግሥት ያወጣው ሐሳብ ይህንንም ሊነጥቅ ነበር፦ ቢያንስ በአንዱ ተግባር ላይ አራት ነጥብ ያላገኘ የዕለት ኑሮ ክፍያ አይሰጠው የሚል። ከላይ የደመርነው ባለ አሥር ነጥብ ወጣት በዚያ ስሌት ባዶ እጁን ይቀር ነበር። በራሱ የምክር ቤት አባላት ተቃውሞ ምክንያት መንግሥት አንቀጹን ከረቂቁ እንደሚያወጣ ሐምሌ 1 ቀን 2025 አስታወቀ፤ ጉዳዩም ሚኒስትሩ ስቲቨን ቲምስ ወደሚመሩት ግምገማ ተመራ። የመጋቢቱ ሰነድ የዲ ኤል ኤን ዕድሜ ከ16 ዓመት ወደ 18 ከፍ ስለማድረግም ጠይቆ ነበር፤ ይህኛው ሐሳብ በበኩሌ ከዚያ ሁሉ ገጽ የወደድኩት ነው።

ከቅጹ በኋላ የሚመጣውን ቃለ መጠይቅ እዚህ አልዘረዝርም። ብዙ ጊዜ በስልክ ነው፤ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል፤ የቤተሰብ አባል አብሮ መግባት ይችላል። በውሳኔው ካልተስማሙ በአንድ ወር ውስጥ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ፣ ከዚያም ወደ ትሪቡናል ይግባኝ ማለት አለ። ትሪቡናል የደረሱ የፒፕ ይግባኞች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ለአመልካቹ ይፈረዳሉ። ለእኔ ይህ ስለ ቅጹ የተጻፈ ከሁሉም የከበደ ሂስ ነው፤ ያው ሰው፣ ያው ጉዳት፣ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲጠይቀው ሌላ ውጤት ያገኛል።

ሁለት ነገር ለእኛ ሰዎች። ቪዛው ላይ «የመንግሥት ድጎማ አይፈቀድም» የሚል ገደብ ያለበት ሰው ከሕግ ባለሙያ ጋር ሳይነጋገር አያመልክት፤ ፒፕ ከተከለከሉት አንዱ ነውና። የስደተኛነት ዕውቅና ያገኘ ግን ማመልከት ይችላል፤ በሌሎች ላይ የሚጣለው፣ ከሦስት ዓመት ሁለቱን ብሪታንያ ውስጥ የመኖር ግዴታም አይመለከተውም። ሁለተኛ፣ ልጁ የዕለት ኑሮ ክፍያ ካገኘ በሳምንት 35 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚንከባከበው ወላጅ ለተንከባካቢ የሚሰጠውን ድጎማ መጠየቅ ይችላል፤ በ2025/26 በሳምንት 83.30 ፓውንድ ነበር፤ የደሞዝ ጣሪያ ግን አለው።

እንደ ሕግ ማስፈጸሚያ ፒፕ 2 ከጀርባው ካለው ደንብ ያነሰ፣ እንደ ጽሑፍ ደግሞ አንባቢውን የማያውቅ ሥራ ነው። እስኪሻሻል ድረስ ቅጹ የደረሳችሁ ወላጆች ብቻችሁን አትሙሉት። ሲቲዝንስ አድቫይስ ወይም ሜንካፕ ወደሚባሉት የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ደውሉ፣ ወሩ ካልበቃችሁ ሳያልፍ ደውላችሁ ተጨማሪ ጊዜ ጠይቁ፣ ከመላካችሁ በፊትም የእያንዳንዱን ገጽ ቅጂ አስቀሩ።