ይህ ውሻ የማነው?

መቼም የአዲስ አበባን የግቢ በሮች እያነበበ የሚሄድ ሰው ብዙ ነገር ይማራል። «መኪና ማቆም ክልክል ነው»፣ «የሚከራይ ቤት አለ»፣ «ኃይለኛ ውሻ አለ»። ከእነዚህ ሁሉ እኔን የሚያስገርመኝ የመጨረሻው ነው። አንዳንዱ ግቢ ውስጥ ምንም ውሻ የለም፤ ጥበቃውን የሚሠራው ማስታወቂያው ብቻውን ነው። አንዳንዱ ጋ ውሻው አለ፤ ግን ኃይለኛ ሳይሆን የተራበ ነው። ሦስተኛው ዓይነት ግቢ ደግሞ አለላችሁ። ብዙ ገንዘብ የወጣበት ውሻ ውስጥ በሰንሰለት ታስሮ ይውላል፤ ያድራል። ከበሩ ውጪ አፈር ላይ የተኛው፣ ማንም ያልገዛው ውሻ ግን ሌሊቱን ሙሉ እየጮኸ ሰፈሩን ይጠብቃል። ደመወዙም ከሥጋ ቤት የተረፈ አጥንት ነው።

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «ውሻ ልገዛ ነው፤ የትኛው ዘር ይሻለኛል?» ብሎ አማከረኝ። ባለቤቱ አጠገቡ ነበረች። «ለምን ብር እናወጣለን? እዚሁ ታች ድልድዩ ጋ ስድስት ቡችላ ተጥሎ የለ? አንዱን አምጥተን እናሳድገው» አለች። ወዳጄ ደነገጠ። «እንዴ! ያ እኮ የመንገድ ውሻ ነው!» አላት። «ዘሩ አይታወቅ፣ በሽታው አይታወቅ!»

ዘሩ አይታወቅ! ለሰው የጀመርነው ዘር ቆጠራ አልበቃን ብሎ ወደ ውሻ ተሻገርን እንዴ?

ቀልዱን እንተወውና፣ «የመንገድ ውሻ» የሚለው አነጋገር ራሱ መመርመር አለበት። መንገድ ውሻ አይወልድም። አስፋልቱ ቡችላ አያበቅልም። ዛሬ መንገድ ላይ የምናየው ውሻ ወይ እሱ ራሱ፣ ወይ እናቱ፣ ወይ አያቱ ከአንድ ግቢ የወጣ ነው። እንዴት እንደሚወጣም ሁላችንም እናውቃለን። ውሻችን ስድስት ትወልዳለች። ወንዶቹን ጎረቤት ይቀራመታቸዋል። ሴቶቹ ግን «ሴት ምን ያደርግልናል፣ ነገ ትወልድብናለች» ይባሉና በማዳበሪያ ከረጢት ተይዘው ወይ ወንዝ ዳር ወይ ቆሻሻ ገንዳ አጠገብ ይጣላሉ። «አልገደልናቸውም፤ ዕድላቸውን ይሞክሩ» እያልን ራሳችንን እናጽናናለን። ከተጣሉት ውስጥ አንዷ ዕድሏን ሞክራ ከተረፈች በዓመት ሁለት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች። ከዚያ «ከተማው በውሻ ተወረረ» ብለን እናማርራለን። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን ቀዳጆቹ እኛው ነን።

እኛ ሰፈር የሆነውን ልንገራችሁ። «መቻል» የሚባል ውሻ ነበረ። ቀን ቀን በሩ ላይ ተኝቶ ይውላል፤ ማታ ማታ ይጮኻል። አንድ ሌሊት ሌባ አጥር ሲዘል መቻል ሱሪውን ይዞ አስቀረው። የቤቱ ጌታ በማግስቱ ለሰፈሩ ሁሉ ሲያወሩ ዋሉ። «የኔ ውሻ! የኔ መቻል እኮ!» ይላሉ። ጥሩ። ወራት አለፉ። ከዕለታት አንድ ቀን መቻል ከትምህርት ቤት የሚመለስ የስምንት ዓመት ልጅ ባቱን ነከሰው። የልጁ አባት በሩን አንኳኳ።

«ጋሼ፣ ውሻዎ ልጄን ነክሶብኛል። ክትባት ወስዶ እንደሆነ ሊጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

«የትኛው ውሻ?»

«መቻል ነዋ!»

«ኧረ ልጄ፣ ይሄ እኮ የመንገድ ውሻ ነው። ፍርፋሪ እንሰጠው እንደሆነ እንጂ የኛ አይደለም።»

አያችሁ? ሌባ ሲይዝ የእሳቸው የነበረው ውሻ ልጅ ሲነክስ የመንገድ ሆነ። አባትየው ሥራውን እየተወ ልጁን ለተደጋጋሚ መርፌ አመላለሰው። እናትየው ውሻው ይበድ አይበድ ለማወቅ በየቀኑ ከሩቅ ቆማ ታየው ነበር። ልጁ ደህና ነው፣ ተመስገን። ያ ቤተሰብ በእነዚያ ቀናት ያየውን ጭንቅ ግን ማንም አልከፈለውም።

ጭንቁ ደግሞ የፈሪ ጭንቅ አልነበረም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጋ ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገምታል፤ አብዛኛው እስያና አፍሪካ ውስጥ ነው። ሰው ላይ የሚደርሰው በሽታ ከመቶ 99 እጁ የሚመጣው ከውሻ ነው። በበሽታው በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች ከመቶ 40 ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ስለዚህ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት መሄድ አለበት። «ውሻው ደህና ይመስላል» ብሎ መቀመጥ አይገባም።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው ሲባል፣ የኛ ከተማ ለዓመታት የምታውቀው መፍትሔ መርዝ ነው። ማታ የተመረዘ ሥጋ ይበተናል፤ ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ በውሻ ሬሳ ላይ እየተራመዱ ያልፋሉ። መርዙ የተከተበውን ካልተከተበው አይለይም። ባለቤት ያለውንም ከሌለው አይለይም። ቦታው ባዶ ሲሆን ደግሞ ከሌላ ሰፈር ሌላ ውሻ ይመጣል፤ ገንዳው እንደሆነ አልተነሣ፣ ሥጋ ቤቱም አጥንቱን መጣሉን አልተወ። ይህን የሞከርነው እኛ ብቻ አይደለንም። በ1910 እ.ኤ.አ. ኢስታንቡል ውሾቿን በሺዎች እየሰበሰበች ማርማራ ባሕር ላይ ወዳለች ጠፍ ደሴት ወስዳ ጣለቻቸው፤ እዚያው በረሃብና በውኃ ጥም አለቁ። ነገሩ በዚያ አበቃ? አላበቃም። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2024 እ.ኤ.አ.፣ ቱርክ ስለ መንገድ ውሾቿ አዲስ ሕግ አውጥታ ስትሟገት ነበር። በሽታውን የሚያቆመው ክትባት ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከመቶ 70ው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ቁጥሩን የሚቀንሰው ደግሞ ሴቶቹ እንዳይወልዱ በሐኪም ማሠራትና ቡችላ አለመጣል ነው።

አሁን ወደ ወዳጄ ጥያቄ ልመለስ። መግዛት ወይስ አንሥቶ ማሳደግ?

ውሻ ገዝቶ ማሳደግ ነውር ነው አልልም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ሉሉ የምትባል ትንሽዬ ውሻ ነበረቻቸው፤ ሰው ደስ ያለውን ውሻ ቢወድ ማንም አይከሰውም። በጥንቃቄ የሚያራቡ ሰዎችም አሉ። እንዲህ ዓይነቱ ሻጭ እናቲቱን ያሳያችኋል፤ ቡችላውን ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ ነጥሎ አይሰጣችሁም፤ የክትባት ደብተሩን በእጃችሁ ያስይዛችኋል፤ እንዲያውም «ግቢያችሁ ይበቃዋል? ማን ያየዋል?» ብሎ መልሶ እናንተን ይጠይቃችኋል። እንዲህ ያለ ሻጭ ካገኛችሁና አቅሙ ካላችሁ ግዙ።

ግን ስንቶቻችን ነን እንዲህ የምንገዛው? ብዙዎቻችን የምንገዛው መንገድ ዳር ቡችላ ወደ መኪና መስኮት ከሚያስጠጋ ልጅ ነው። ልጁ እንጀራው ነው፣ አልፈርድበትም። ቡችላው ግን ገና ጡት አልጠገበም። «ጀርመን ሼፐርድ ነው» እንባላለን። እናቱ የት እንዳለች ማንም አይነግረን። ቤት በገባ በሳምንቱ ተቅማጥና ትውከት ይጀምረዋል፤ ያልተከተበ ቡችላን ፓርቮ የሚባለው በሽታ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊገድለው ይችላል። ልጆች ያለቅሳሉ፤ እኛ ደግሞ ሌላ እንገዛለን። «በሽታው አይታወቅ» ብለን የድልድዩን ቡችላ የጠላን ሰዎች በሽታውን በብር ገዝተን ገባን ማለት ነው።

ተርፎ ያደገውስ? ጀርመን ሼፐርድ እኮ የበግ እረኛ ውሻ ነው። በ1899 እ.ኤ.አ. ማክስ ፎን ሽቴፋኒትዝ የተባለ ጀርመናዊ መኮንን የእረኛ ውሾችን መርጦ ዘሩን ማራባት ሲጀምር ያሰበው ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ የሚውል ሠራተኛ ውሻ ነበር። እኛ ግን አምጥተን በሁለት ሜትር ሰንሰለት ከቆርቆሮ ቤት ጋር እናስረዋለን። ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ሲሽከረከር ይውልና ጠባዩ ይበላሻል። ሲበላሽ «ኃይለኛ ነው» ብለን እንኮራበታለን። የቤቱ ልጅ ሲነከስ ደግሞ እሱም በር ተከፍቶለት ይባረራል። ያን ዕለት ብዙ ብር የወጣበት ውሻ የመንገድ ውሻ ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን እንደገባች ውሻ ከየበሩ ሲባረር ዘሩን የሚጠይቀው ማንም የለም።

የሀገራችን ውሻ በበኩሉ ፀጉሩ አጭር፣ ቁመቱ መካከለኛ፣ ባገኘው የሚያድር ነው። «አይሠለጥንም» የሚሉት አሉ። ያላሠለጠኑትን ውሻ አይሠለጥንም ማለት ትምህርት ቤት ያልላኩትን ልጅ ደደብ ብሎ እንደመስደብ ነው። ቡችላ ሆኖ ተይዞ፣ ሰው ለምዶ፣ በልቶና ተጫውቶ ያደገ የሀገር ውሻ ባለቤቱን ያውቃል፤ የቤቱን ልጅም ከሌባ ይለያል። ከዚህ በላይ ደግሞ አንድ ጥቅም አለው። አንዲት የተጣለች ሴት ቡችላ አንሥቶ፣ አስከትቦ፣ እንዳትወልድ አሠርቶ የሚያሳድግ ሰው የጠቀመው ራሱን ብቻ አይደለም። በመጪዎቹ ዓመታት ሰፈሩ ውስጥ ሊወለዱ የነበሩትን ያልተከተቡ ውሾች በሙሉ አስቀርቷል። ውሻ ከሻጭ የገዛ ሰው ይህን ውለታ ለጎረቤቱ አልዋለም። ስለዚህ ለወዳጄ «ባለቤትህን ስማት» አልኩት።

ያነሣችሁትንም ቡችላ ቢሆን ዝም ብላችሁ ከልጆች ጋር አትቀላቅሉት። መጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም ይየው። የትላትል መድኃኒቱን ይውሰድ። ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ ክትባቱን ይከተብ፤ ከዚያ በኋላ ሐኪሙ በሚያዘው ጊዜ ይደገምለት። ደብተሩን አስቀምጡ፤ ጎረቤት መጥቶ ሲጠይቃችሁ የምታሳዩት እሱን ነው። ይህን ሁሉ ለማድረግ ጊዜውም ገንዘቡም ከሌላችሁ አትግዙም፣ አታንሡም። በሩ ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ ይበቃችኋል፤ እሱ አይራብም፣ አይነክስም።

ከገዛችሁም ካነሣችሁም ግን አንድ ቀን አንድ አባት በራችሁን ማንኳኳቱ አይቀርም። «ይህ ውሻ የማነው?» ይላል። ያን ጊዜ «የኔ ነው፤ ክትባቱም ይኸው» የሚል ሰው ነው ውሻ አለኝ ማለት የሚችለው።

ይህን የምታነቡ ሰዎች ቤት በሚቀጥሉት ሳምንታት የምትወልድ ውሻ ካለች፣ እባካችሁ ከረጢቱን ከመፈለጋችሁ በፊት ለስድስቱም የሚሆን ቤት ፈልጉ። ለሴቶቹም ጭምር።